ቃሉን ከነዘመዱ፦ የልጆችን የቃላት ሀብት በጨዋታ የማሳደግ መመሪያ

ልጅ አፍ መፍታት ሲጀምር ቤቱ በአንድ ጥያቄ ይሞላል፦ «ይቺ ምንድን ናት?» ጣት ወደ ድመቷ፣ ወደ መብራቱ፣ ወደ አፍንጫ ይቀሰራል። ልጁ ስሙን ይጠራል፤ እሰይ ይባላል፤ ይጨበጨባል። ጥሩ ጅምር ነው። ችግሩ ልጁ አራት ዓመት ሞልቶት፣ ኬጂ ገብቶም፣ ብዙዎቻችን ከዚህ ጥያቄ አለመውጣታችን ነው። ግድግዳ ላይ የፍራፍሬና የእንስሳት ፖስተር እንለጥፋለን። ልጁ ሥዕሎቹን በተርታ እየጠራ ይወርዳል። እኛም «ብዙ ቃል ያውቃል» ብለን እንረካለን።

ስም መጥራት ግን የማወቅ በር እንጂ ማወቅ አይደለም። ምጣድን እንውሰድ። «ምጣድ» ብሎ የሚጠራ ልጅ አንድ ቃል አለው። ምጣዱ መጀመሪያ እንደሚሰማ፣ ከዚያ እንደሚታሰስ፣ ሊጡ ከዳር ጀምሮ እየዞረ እንደሚፈስ፣ እንጀራው ዓይን ሲያወጣ አክንባሎ እንደሚከደንበት፣ ሲበስል በሰፌድ እንደሚወጣ የሚናገር ልጅ ግን ከአሥር በላይ ቃል በአንድ ላይ ይዟል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዱ ቃል ሲጠራ ሌላውም አብሮ ይመጣለታል። ቃል እንደ ሰው ዘመድ አለው። ብቻውን የመጣ ቃል ቶሎ ይረሳል፤ ከነዘመዱ የመጣ ግን ቤተኛ ይሆናል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች፣ አያቶችና ሞግዚቶች፣ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራንም ጭምር ነው። ጨዋታዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚፈልጉት የቤት ዕቃ፣ በቀን አሥር ደቂቃ ያህል እና የሚያዳምጥ ሰው ብቻ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የልጅ ጭንቅላት ቃልን በምን መንገድ ያዛምዳል?

የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል በዘፈቀደ የተቀመጠ አይደለም። ሮጀር ብራውንና ጂን በርኮ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለልጆችና ለአዋቂዎች አንድ አንድ ቃል እየሰጡ፣ ቀድሞ የመጣላቸውን ቃል እንዲናገሩ ጠየቁ። አዋቂዎቹ በአብዛኛው የሰጡት የዚያኑ ወገን ቃል ነበር። ልጆቹ ግን በንግግር ውስጥ ቃሉን የሚከተለውን ቃል ያመጡ ነበር። ወደ እኛ ስናመጣው፣ «ውሻ» ስንለው አዋቂው «ድመት» ይላል፤ ልጁ «ይጮኻል» ይላል። ስለዚህ ከትንሽ ልጅ ጋር ስንጫወት መነሻችን ድርጊት ነው። ወገን መለየት ቀጥሎ ይመጣል። ተቃራኒ፣ ደረጃና የቃል ቤተሰብ ደግሞ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ሌላም ማወቅ የሚበጅ ነገር አለ። በ1978 እ.ኤ.አ. ሱዛን ኬሪና ኤልሳ ባርትሌት ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ሰምተውት የማያውቁት የቀለም ስም አሰሟቸው። ትምህርት አልሰጧቸውም። በጨዋታ መሐል ሁለት ትሪ ተቀምጦ «ክሮሚየሙን አምጣልኝ፤ ሰማያዊውን ሳይሆን ክሮሚየሙን» ተባሉ። ልጆቹ ከሚያውቁት «ሰማያዊ» ተነሥተው የማያውቁትን ለዩ። ከቀናት በኋላ ሲጠየቁም ከመካከላቸው ስለ ቃሉ የሆነ ነገር የያዙ ተገኙ። ለእኛ የሚሰጠን ዘዴ ግልጽ ነው፤ አዲስ ቃል ስትሰጡ ልጁ ከሚያውቀው ቃል አጠገብ አስቀምጡለት። «ሰፌዱን አቀብለኝ፤ ወንፊቱን ሳይሆን ሰፌዱን» ስትሉት ሁለቱንም አስተማራችሁት።

እርምጃ 1፦ ከድርጊቱ ጀምሩ (ከ2 ዓመት ጀምሮ)

አማርኛ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ቃል ሰጥቶታል። ሊጥ ይቦካል፤ እንጀራ ይጋገራል፤ ዳቦ ይደፋል። ሽንኩርት ይከተፋል፤ ድንች ይላጣል፤ አተር ይፈለፈላል፤ ጎመን ይቀነጠሳል፤ ምስር ይለቀማል። ወተት ይናጣል፤ ቅቤ ይነጠራል። ልብስም እንዲሁ ነው፤ ቀሚስ ይለበሳል፤ ቀበቶ ይታጠቁታል፤ ኮት ይደርቡታል፤ ነጠላ ያጣፉታል ወይም ይከናነቡታል። እኛ ግን ከልጅ ጋር ስንሆን ይህን ሁሉ ትተን «እንሥራው»፣ «አድርጊው»፣ «ያን ነገር አምጣ» እንላለን። ልጅ የማይሰማውን ቃል ሊናገር አይችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የእናንተ ነው። ለአንድ ሳምንት «ነገር» እና «ምናምን» የሚሉትን ሁለት ቃላት ከአፋችሁ አውጧቸው። «ያን ነገር አቀብለኝ» ለማለት ስትጀምሩ ቆም በሉና ስሙን ጥሩት፤ «ጭልፋውን አቀብለኝ፤ ወጡን ላማስልበት»። በምትሠሩበት ጊዜ ሥራችሁን በቃል ተናገሩ፤ «አሁን ሽንኩርቱን ልጬ ጨረስኩ፤ ልከትፈው ነው»። ከዚያ ተራውን ለልጁ ስጡት፤ «ይህንንስ ምን ላድርገው?»

በዚህ እርምጃ ከቡና ማፍላት የሚበልጥ ትምህርት ቤት የለም። አራት ዓመት የሆናት ልጅ እናቷ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከከሰሉ ራቅ ብላ።

«ሚጣ፣ ቡናውን አጠብኩት። አሁን ምን ላድርገው?»

«ጠጪው!»

«እንጠጣዋለን። ግን ገና ጥሬ ነው። እስቲ ንኪው።»

«ጠንካራ ነው።»

«አዎ፣ ጥሬ ቡና ጠንካራ ነው። ስለዚህ እንቆላዋለን። ስሚው፤ ምን ይላል?»

«ቷ ቷ ይላል!»

«ይንጣጣል። ቡና ሲቆላ ይንጣጣል። ሌላስ ምን ይንጣጣል?»

«ፈንዲሻ!»

እናትየዋ ያደረገችውን ልብ በሉ። «ጠጪው» ስትባል «አይ፣ ተሳስተሻል» አላለችም፤ ተቀብላ ወደ ጥሬው መለሰቻት። «ቷ ቷ» የሚለውን የልጅ ድምፅ ወስዳ በምትኩ «ይንጣጣል» የሚል የአዋቂ ቃል ሰጠቻት፤ እዚያው በሙሉ ዓረፍተ ነገር ደገመችው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለአዲሱ ቃል ዘመድ እንድትፈልግለት ጠየቀቻት። ልጅቷ ፈንዲሻን ስታመጣ ቃሉ የእሷ ሆነ። በዚያው መቀመጫ ላይ መውቀጥ፣ ማፍላት፣ ማስከን፣ መቅዳት፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ረከቦትና ሲኒ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጫኑባት፤ ዛሬ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ቡናው ነገም ይፈላል።

እርምጃ 2፦ ማን ከማን ጋር? (ከ2 ዓመት ተኩል ጀምሮ)

ዘንቢል ወይም ካርቶን ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሠሩ ዕቃዎችን ጨምሩ፦ ጀበናና ሲኒ፣ ቁልፍና ጓጉንቸር፣ ካልሲና ጫማ፣ ደብተርና እርሳስ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና፣ ማበጠሪያና የፀጉር ቅባት። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን አውጡና «ይሄ ጓደኛው ጠፍቶበታል፤ ፈልግለት» በሉ።

ልጁ ጥንዱን ማግኘቱ የጨዋታው ግማሽ ነው። ቃላት የሚመጡት በሁለተኛው ግማሽ፣ «ለምን?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። «ቁልፍ ጓጉንቸርን ይከፍታል» ለማለት ልጁ ሁለት ስምና አንድ ግስ አገናኘ። መልሱ ያልጠበቃችሁት ቢሆንም ምክንያት ካለው ተቀበሉት። ካልሲን ከጀበና ጋር አስቀምጦ «ሁለቱም ይሞቃሉ» የሚል ልጅ አልተሳሳተም፤ እናንተ ያላያችሁትን ዝምድና አየ። «እውነትህን ነው፤ ጀበናው ይሞቃል፤ ካልሲው ግን እግራችንን ያሞቃል» ስትሉት በ«ይሞቃል» እና በ«ያሞቃል» መካከል ያለውን ልዩነት አሰማችሁት።

ቀጥሎ ወደ ቦታ እለፉ፤ «ይሄ ቤቱ የት ነው?» ዕቃ የሚመለስበት ሰዓት ለዚህ ይመቻል። ማንኪያው መሳቢያ ውስጥ፣ ብርድ ልብሱ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ መጥረጊያው በሩ ሥር፣ ድስቱ መደርደሪያው ላይ። «ውስጥ፣ ላይ፣ ሥር፣ አጠገብ፣ መሐል፣ ጀርባ» የሚሉት ቃላት በዚህ ጨዋታ ሳይታወቅ ይገባሉ።

እርምጃ 3፦ ወገኑን መለየት (ከ3 ዓመት ተኩል ጀምሮ)

ከገበያ ስትመለሱ ዘንቢሉን ራሳችሁ አታራግፉት። ልጁን አስቀምጡና አብራችሁ አውጡ። «ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን — እነዚህ አትክልት ናቸው። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ — እነዚህስ?» የወገን ስም ለልጅ ከባድ ነው፤ «ብርቱካን» በእጅ ይዳሰሳል፤ «ፍራፍሬ» ግን አይጨበጥም። ስለዚህ መጀመሪያ ክምሩን ይሥራ፤ ስሙን ከዚያ በኋላ ስጡት። ትንሽ ሲያድግ እህልን ከጥራጥሬ እንዲለይ አድርጉ፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና በቆሎ በአንድ ወገን፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር በሌላ ወገን። አንድ ጥንቃቄ አትርሱ፤ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባቄላና ሽምብራ የመሳሰለ ፍሬ በእጁ አትስጡት፤ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይገባል።

ወገን መለየቱ ሲቀልለት «ባዕዱን ፈልግ» ተጫወቱ። «ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ብርቱካን — ከእነዚህ ባዕዱ ማን ነው?» አንዱ ልጅ «ብርቱካን፤ ፍራፍሬ ስለሆነ» ይላል። ሌላው «ድንች፤ ሌሎቹ ቀለም አላቸው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ምክንያቱን እስከተናገረ ድረስ አንድ መልስ ብቻ አትጠብቁ። በማግስቱ ያንኑ ክምር በሌላ መንገድ እንዲለይ ጠይቁት፤ በቀለም፣ በጣዕም፣ በጥሬው የሚበላና ተቀቅሎ የሚበላ እያለ። አንድ ቃል በአባቱም በእናቱም በኩል ዘመድ እንዳለው የሚያየው እዚህ ላይ ነው።

እንስሳት ለዚህ እርምጃ ሰፊ ሜዳ ናቸው። በአንድ እንስሳ ዙሪያ አራት ጥያቄ ጠይቁ፦ ልጇ ማን ይባላል? ቤቷ የት ነው? ምን ትሰጠናለች? ድምፅዋስ? የላም ልጅ ጥጃ፣ የውሻ ቡችላ፣ የዶሮ ጫጩት፣ የበግና የፍየል ግልገል፣ የአህያ ውርንጭላ፣ የአንበሳ ደቦል ነው። ላም በረት፣ ዶሮ ቆጥ፣ ንብ ቀፎ፣ ወፍ ጎጆ አላት። አንበሳ ያገሳል፤ አህያ ያናፋል፤ ፈረስ ያሽካካል። የከተማ ልጅ ከእነዚህ አብዛኞቹን የሚያውቀው በሥዕል ነው፤ ስለዚህ በግ ተራ ስታልፉ፣ ለበዓል ዶሮ ሲገዛ፣ አያት ዘንድ ገጠር ስትሄዱ ቃሉን ከእንስሳው ጋር አገናኙለት።

እርምጃ 4፦ ተቃራኒና ደረጃ (ከ4 ዓመት ጀምሮ)

ተቃራኒ ቃላት በብዙ ኬጂዎች ይሰጣሉ፤ ትልቅና ትንሽ፣ ረጅምና አጭር፣ ሙቅና ቀዝቃዛ። መልካም ነው፤ ግን እዚያ ላይ ይቆማል። ሀብቱ ያለው በሁለቱ ጫፎች መሐል ነው። ልጁን ስታጥቡ ውሃውን በክርኑ እንዲነካ አድርጉ፤ «ያቃጥላል? ይሞቃል? ለብ ያለ ነው? ቀዝቅዟል?» ምግብ ላይም እንዲሁ፤ ጣፋጭ፣ መራራ፣ ኮምጣጣ፣ ጨው የበዛበት፣ የሚያቃጥል፣ አልጫ። ሎሚ፣ ማርና ግራዋ ቢገኝ በጣት ጫፍ እያስቀመሱ መጫወት ልጁ የማይረሳው ትምህርት ነው። ማር ግን ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ ታናሽ ካለው ተጠንቀቁ።

የእንቅስቃሴ ቃላትን ደግሞ በሰውነት አስተምሩ። ኮሪደሩን ወይም ግቢውን ሜዳ አድርጉትና ትእዛዝ ስጡ፤ «እንደ ኤሊ አዝግም! እንደ ድመት አድባ! እንደ ሕፃን ዳኽ! ተንፏቀቅ! ተንደርድረህ ዝለል! አንክስ!» ከዚያ አዛዡ ልጁ ይሁን፤ እናንተ ታዘዙ። ልጅ የሚያዝበትን ቃል አጥብቆ ይይዛል።

የስሜት ቃላትን በዚህ እርምጃ ውስጥ ማስገባት ለልጁም ለቤቱም ሰላም ይበጃል። «ደስ አለው» እና «አለቀሰ» ብቻ የሚያውቅ ልጅ የሚሰማውን መናገር ሲያቅተው ይጮኻል ወይም ይማታል። በመካከል ያሉትን ስጡት፤ ተናደደ፣ አኮረፈ፣ ቀና፣ አፈረ፣ ፈራ፣ ሰለቸ፣ ናፈቀ። «ማሙሽ፣ የተናደድክ መሰለኝ፤ ወይስ አኩርፈህ ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁት በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያስባል። ከዚያ ዝምድናውን አስከትሉ፤ «ሰው መቼ ነው የሚናፍቀው? አንተ ማን ይናፍቅሃል?»

እርምጃ 5፦ የአንድ ቤት ልጆች (ከ5 ዓመት ጀምሮ)

አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ቃል ከቃል እንደሚወለድ ማየት ይችላል። መነሻው ቀላል ጥያቄ ነው፤ «በምን?» በምን ይጠረጋል? በመጥረጊያ። በምን ይቆረጣል? በመቁረጫ። በምን ይከፈታል? በመክፈቻ። በምን ላይ ይቀመጣል? በመቀመጫ። ማበጠሪያ፣ መወልወያ፣ ማማሰያ፣ መጥበሻ፣ መለኪያ፣ ማጥፊያ፣ ማንጠልጠያ፣ መሸፈኛ፤ ቤቱ በእነዚህ የተሞላ ነው። ልጁን አስከትላችሁ ከክፍል ክፍል እየዞራችሁ አድኗቸው። ሌላ ቀን ደግሞ ሠሪውን ፈልጉ፤ የሚሰፋ ሰፊ፣ የሚያርስ አራሽ፣ የሚዘፍን ዘፋኝ፣ የሚነዳ ነጂ፣ የሚጽፍ ጸሐፊ።

በዚህ ጨዋታ ልጁ የራሱን ቃል መፍጠሩ አይቀርም። ማንኪያን «መብሊያ»፣ ትራስን «መተኛ» ሊል ይችላል። አትሳቁበት። ይህ ልጅ ማንም ሳያስተምረው የአማርኛን የቃል አሠራር ደርሶበታል፤ ሊመሰገን ይገባዋል። «ልክ ነህ፣ ይበላበታል፤ ስሙ ግን ማንኪያ ነው» በሉት። አሠራሩን አጸደቃችሁለት፤ ስሙንም ሰጣችሁት። በሰው ፊት የተሳቀበት ልጅ ግን በሚቀጥለው ጊዜ የሚያውቀውን ቃል ብቻ እየመረጠ ይናገራል።

እርምጃ 6፦ ሰንሰለትና እንቆቅልሽ (ከ4 ዓመት ተኩል ጀምሮ)

የቃል ሰንሰለት የመንገድ ጨዋታ ነው፤ ታክሲ ሲጠበቅ፣ ሰርቪስ ውስጥ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ። አንዱ ቃል ይጥላል፤ ቀጣዩ ዘመዱን ይናገርና ምክንያቱን ይጨምራል። «ዝናብ።» «ጭቃ፤ ሲዘንብ መንገዱ ይጨቀያል።» «ጫማ፤ ጭቃው ጫማዬን ያበላሸዋል።» «ሊስትሮ፤ ጫማ ይጠርጋል።» ምክንያት የሌለው ቃል አይቆጠርም፤ ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው ይህ ሕግ ነው።

እንቆቅልሽ ደግሞ አያቶቻችን ያቆዩልን የቃል ዝምድና ትምህርት ነው። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ?» ሲባባሉ፣ አላውቅም ያለው አገር ሲሰጥ የሚሠራው ሥራ ሌላ አይደለም፤ የአንድን ነገር ዘመዶች ጠርቶ ራሱን መደበቅ ነው። ልጆች ደግሞ ከመመለስ ይልቅ መጠየቅ ይወዳሉ። ስለዚህ አሠራሩን አስተምሯቸው። አንድ ዕቃ በጨርቅ ሸፍናችሁ ለልጁ ብቻ አሳዩትና አራት ነገር ጠይቁት፦ ምን ያደርጋል? የት ይገኛል? ምን ይመስላል? ከማን ጋር ይውላል? መልሶቹን ሲያያይዛቸው እንቆቅልሹ ተሠራ። ስለ ጃንጥላ «ዝናብ ሲመጣ የሚከፈት፣ ዝናብ ሲሄድ የሚታጠፍ ቤት» ይላል። ስለ ጀበና «ጥቁር ናት፤ አንገት አላት፤ እሳት ላይ ተቀምጣ አታለቅስም»። መጀመሪያ ላይ ያልተሟላ፣ ግልጽ ያልሆነ ነገር ይወጣል፤ ይሁን። ሲያቅታችሁ አገር ስጡት፤ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን ሲቀበል የከተማ ስምም አብሮ ይማራል።

ሁሉንም እርምጃ የሚገዙ አራት ልማዶች

*ጠብቁ።* ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ልጅ ቃሉን እየፈለገ ሳለ እኛ መልሱን ስንነግረው ፍለጋውን እናቋርጥበታለን።

*ተራ ተቀያየሩ።* በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የታተመ ጥናት፣ ከልጆቹ የቋንቋ ችሎታና በአንጎላቸው የቋንቋ ክፍል ከታየው እንቅስቃሴ ጋር ይበልጥ የተያያዘው በቃል መቀባበል እንጂ ልጁ የሚሰማው የቃል ብዛት እንዳልሆነ አሳይቷል። ልጁን በቃል ከማጥለቅለቅ ጥቂት ተናግሮ ማድመጥ ይበልጣል።

*ቃሉን መልሱት።* ሰኞ ቡና ላይ የተገኘው «ይንጣጣል» ረቡዕ ማገዶ ሲነድ፣ ቅዳሜ ፈንዲሻ ሲፈነዳ ተመልሶ መምጣት አለበት። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ቃል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ፤ አባትም፣ አክስትም፣ ሞግዚትም አይተው በየአጋጣሚው ይጠቀሙበት።

*አትፈትኑት።* «እስቲ ለእንግዳ በል» እያሉ ሰው ፊት ማቆም ጨዋታውን ምርመራ ያደርገዋል። ልጁ ሲሰለች አቁሙ፤ ነገ ራሱ ይጠይቃችኋል።

ቴሌቪዥንና ስልክ ይህን አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ እንደሚሻል ይመክራል። እንደ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ያለ ለልጅ ታስቦ በአማርኛ የተሠራ ዝግጅት ስትከፍቱለትም አጠገቡ ተቀመጡ። ሲያልቅ ያየውን አንሡና ከቤት ካለው ነገር ጋር አዛምዱት።

ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ ካለ

አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሆነ ልጅ፣ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የተወለደ ልጅ አማርኛን የሚሰማው ከጥቂት ሰው አፍ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በሌላው ቋንቋ ሲመልስ «በአማርኛ ተናገር!» ብሎ መቆጣት አማርኛን ከቁጣ ጋር ያዛምድበታል። መልሱን ተቀበሉና በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መልሱለት። በእንግሊዝኛ «አምብሬላ» ሲላችሁ «አዎ፣ ጃንጥላ እንያዝ፤ ዳመናው ጠቁሯል» በሉ። በአንዱ ቋንቋ ያለው ቃል የሌላው መንደርደሪያ ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ከዚያ አማርኛ ቤቱ የሆነበትን ጊዜ ምረጡ። ቡና ሲፈላ፣ እንቁጣጣሽ ሲደርስ አደይ አበባው፣ ቄጠማውና ችቦው፣ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሲሠራ። ከሁሉም የሚሻለው አያት ናት። በስልክ «ሰላም በላት» ተብሎ የተሰጠው ልጅ ሁለት ቃል ተናግሮ ያመልጣል። እንቆቅልሽ ይዞ የሚደውል ልጅ ግን «እማማ፣ እንቆቅልሽ?» ብሎ ይጀምርና ወሬው ይቀጥላል።

ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን

ክፍሉ በልጆች የተጨናነቀ ከሆነ የሰንሰለቱን ጨዋታ በክብ ተቀምጠው በጨርቅ ኳስ አጫውቷቸው፤ ኳሷ የደረሰችው ልጅ ዘመዱን ቃል ትናገራለች። ለጥንድ ጨዋታ ካርቶን ቆርጣችሁ ሥዕል ሣሉና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ስጡ፤ ልጆቹ ተነሥተው ጓደኛቸውን ይፈልጉ፤ ሲገናኙ ለምን እንደተገናኙ ለክፍሉ ይንገሩ። ዝም የሚል ልጅ በክብ ውስጥ አይናገርም፤ በሁለት በሁለት ሲሆን ግን ይናገራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከትልቁ ክብ በፊት የሁለት ሰው ጊዜ ስጡ።

ሐኪም የሚታይበት ጊዜ

ልጆች እኩል አይፈጥኑም። ቢሆንም ልጁ 2 ዓመት ሞልቶት «ውሃ ስጪኝ» እንደሚለው ሁለት ቃል ማገናኘት ካልጀመረ፣ ሲጠሩት ካልዞረ፣ ጆሮውን ደጋግሞ የሚያመው ከሆነ፣ ወይም ይናገር የነበረውን ከተወ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እያላችሁ አትጠብቁ። የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ውሰዱትና መስማቱ ይመርመር። የመስማት ችግር ቶሎ ሲታወቅ ብዙ የሚሠራ ነገር አለ።

የዚህ ሁሉ ፍሬ የት ይታያል?

አንደኛ ክፍል ላይ ይታያል። ፊደል የለየ ልጅ «ሙ — ቀ — ጫ» ብሎ ሦስቱን ፊደላት በየተራ ያነባል። ሙቀጫን ከዘነዘናው፣ ከመውቀጡ፣ ከቡናው ጋር የሚያውቅ ልጅ ሦስተኛው ፊደል ላይ ሲደርስ ቃሉን ያገኘዋል፤ ዓረፍተ ነገሩንም ይረዳል። ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ልጅ ግን ፊደሎቹን በትክክል ጠርቶ ምንም ሳይገባው ያልፋል። መምህሩ ፊደሉን ሊያስተምሩት ይችላሉ፤ ከፊደሉ ጀርባ የሚጠብቀውን ቃል ማስቀመጥ ግን ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት የእኛ የቤተሰቦቹ ሥራ ነው። ዛሬ ማታ እራት ስታቀርቡ ከገበታው ላይ አንድ ዕቃ አንሡና ስሙን ሳይሆን ዘመዱን ጠይቁት።